ስሙ የተቆረጠ ኪኒን

መቀሱ ከጠመኔው መስመር ወጣ።

ብዙ አልወጣም፤ የአንድ ጣት ስፋት ቢሆን ነው። ነገር ግን ጨርቁ አራት ድርብ ነበርና በአንድ ስህተት አራት የሆቴል አስተናጋጅ ኮቶች ገደል ገቡ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የልኬ መቀስ መስመር ሲስት ያየ ሰው አልነበረም። ልኬ የሚለው ስም የወጣላትም በዚሁ ነው፤ እናቷ ያወጡላትን ስም ከደሞዝ ወረቀቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

"ምነው ልኬ፣ ዛሬ በጥርስሽ ነው እንዴ የምትቆርጪው?" አለች ካውያ ከመተኮሻው ጠረጴዛ። ካውያ የሚሏት ተኳሿን ነው፤ እጇም ምላሷም ስለሚፋጅ።

"ጨርቁ ነው። ያዳልጣል።"

"ሱፍ ሲያዳልጥ ገና ዛሬ ሰማሁ!"

ጨርቁ እንዳልሆነ ልኬ ታውቃለች። ባቷ እንደ ገመድ ተቋጥሮ ወደ ላይ ስቧታል። ልቧ አንድ ምት ዘሎ ሁለት ምት ደርቧል። ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ይዛ ቆመች፤ መቀሱን ግን አልለቀቀችም። ያ መቀስ የሌላ ሰው እጅ አያውቅም። ባሏ በሕይወት ሳለ ካርቶን ሊቆርጥበት ቢያነሳው ሦስት ቀን አኩርፋዋለች።

ነገሩ የጀመረው ከእግሯ ነው። ቆራጭ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ተቀምጦ የሚቆርጥ መስመሩን አያይም እያለች የምታስተምረው ራሷ ናት። ከሦስት ወር በፊት ከሥራ ገብታ ካልሲዋን ስታወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቦይ ቀዶ ይገኝ ጀመር። ልጇ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫነችና የሰረጎደው ቦታ አልሞላ ሲላት፣ "እማ፣ ይሄ ሐኪም ይፈልጋል" አለቻት።

"ሐኪም የሚፈልገው ሥራ የፈታ ሰው ነው" ብላ አሳፈረቻት።

ሐኪሙን የተካችው ካውያ ናት። ሁለት ታክሲ ከሚያስይዘው ሰፈሯ፣ ከቤቷ አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት፣ አስር ፍሬ ኪኒን ገዝታ መጣች። "ውሃ የሚያወጣ ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት ነው የሰጠኝ። ያለ ወረቀት የሚሸጥ ነገር ምን ይጎዳል?" አለች። እግራቸው ያበጠ ሴቶች አምስት ነበሩ። ታዲያ ለማከፋፈል ከልኬ ሌላ ማን ይጠራ? በዚያ በተከበረ መቀሷ ማሸጊያውን ሁለት ሁለት ፍሬ አድርጋ ቆረጠችው፤ አንዱ ከአንዱ በፀጉር አይበልጥም ነበር። አጨበጨቡላት። ማሸጊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው ስም አምስት ቦታ መበተኑን ልብ ያለ አልነበረም።

እግሯ ሁለት ቀን ሟሸሸና በሦስተኛው ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ማሸጊያ ይቆረጥ ነበር፤ አሁን በየማለዳው ሆኗል። ልኬ እንዲያውም ውሃ መጠጣት ተወች። "ካልገባ ከየት ይመጣል?" የምትለው ሒሳብ ነበራት። ሒሳቧም እንደ ልኳ ትክክል መሰላት።

በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ ጤና ጣቢያ ገባች። ማንም አልላካትም። እጇን ማመን አቅቷት ነው፤ እጇን ያላመነች ቆራጭ ደግሞ ምን ቀራት?

"ምን ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?" አለች ሲስተሯ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች።

"ምንም።"

ሲስተሯ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች።

"የግፊት ኪኒን አለ እንጂ። እሱ መድኃኒት አይባልም፤ በየቀኑ የሚዋጥ ነው።"

"ሌላስ?"

"ውሃ የሚያወጣ። ያለ ወረቀት የሚሸጥ።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

ልኬ ከቦርሳዋ የጠዋት ድርሻዋን አወጣች። ከጀርባው የማለቂያ ቀኑ ግማሽና የሦስት ፊደል ሆድ ብቻ ይታያል። ሲስተሯ ወደ መስኮቱ ይዛ አገላበጠችው።

"ይሄን የቆረጠ ሰው እጁ ግሩም ነው። ግን ጠላትሽ ነው።"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አልተሳሳትኩም።"

ደም ቀዱላት፤ የልቧን ምት በማሽን አነሱ። ሲስተሯ ወረቀቱን እያየች፣ "በጊዜ ደርሰሻል" አለቻት። "ይሄ ኪኒን ውሃውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ጨውና ፖታስየም ይዞ ይወጣል፤ ጡንቻሽን የሚቋጥረው፣ ልብሽን የሚያዘልለው እሱ ሊሆን ይችላል። ፖታስየም የሚያጎድል ዓይነት አለ፣ የሚያከማችም አለ። ስሙን ሳናውቅ ምን ብለን እንርዳሽ? የግፊቱን መቼ ጀመርሽ?"

"አራት ወር ሆነኝ።"

"እግርሽስ መቼ ማበጥ ጀመረ?"

"ሦስት ..." ብላ ልኬ አፏን ዘጋች።

"እግር የሚያሳብጥ የግፊት ኪኒን አለ። ከልብም ከኩላሊትም ያብጣል። የትኛው እንደሆነ ዶክተሩ ይየው። እስከዚያ የግፊቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ። ይሄንን ግን አንዲት ፍሬ እንዳትነኪ። ውሃሽንም ጠጪ።"

"በአንዱ ኪኒን ያሳበጥኩትን በሌላው ላወርድ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።"

"ተረቱን ተይና ስሙን አምጪ። ዶክተሩ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አለ፤ የደሙም ውጤት ይደርሳል። ለመሆኑ ብቻሽን ነሽ የምትውጪው?"

ልኬ የቀሩት አራቱ ሴቶች ታወሷት። ተነሥታ ወጣች፤ መንገዱን ስትሻገር ከቅድሙ ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቆም ነበር።

ስፌት ቤት ገብታ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ባዶ አደረገች። ሴቶቹን በዓይኗ ቆጠረች።

"የዛሬ ጠዋት ቁራጫችሁን አምጡ። የዋጣችሁም ባዶውን። የሚዋጥ የለም ከእንግዲህ።"

አንዷ ከቦርሳ፣ አንዷ ከጡት መያዣ፣ አንዷ ከቆሻሻ ቅርጫት አወጡ። ካውያ ብቻ ከእንፋሎቱ ውስጥ አልተነቃነቀችም። ላቧ ከአገጭዋ ይንጠባጠባል።

"የኔን አልሰጥም። እግሬ ጫማ የገባው በሱ ነው።"

"ትናንት ካውያውን እንደያዝሽ የዞረብሽስ በምንድን ነው?"

"በረሃብ።"

"ሁለት ሳህን ጠርገሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ካውያ ግን አልሳቀችም። "እኔ ገዛሁ እንጂ አንቺ አይደለሽ ያከፋፈልሽው? የቆረጥሽው አንቺ! ዛሬ ደግሞ ሐኪም ሆነሽ መጣሽብኝ?"

ይሄኛው ተኮሰ። ልኬ ዓይኗን አልሰበረችም።

"አዎ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መልሼ የምገጥመውም እኔ ነኝ። ብትወድቂ እንኳን ለሰው፣ ለራሴም መልስ የለኝም። አምጪው።"

ካውያ መተኮሻዋን አቁማ አስቀመጠች። ኪሷን ዳበሰችና ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ልኬ አምስቱን ደረደረች። እዚህ ላይ ጥበቧ ጉድ ሠራት፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ስለተቆረጡ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማሉ። መጀመሪያ የወጣው ምንም ቋንቋ የማያውቀው ስም ነበር። እንደገና አፈረሰች፣ እንደገና ደረደረች። በሦስተኛው፣ ፊደል ከፊደል ተያያዘና ስሙ ሙሉውን ቆመ። አምስቱን በዚያው ቅደም ተከተል በስፒል ወረቀት ላይ ሰካቻቸው።

"እትዬ ልኬ" አለ ባለቤቱ ከበሩ። ስፌት ቤቱን ከእናቱ የወረሰ ወጣት ነው፤ ሜትር አያያዝ ያስተማረችው ልኬ ናት። "የነገው ርክክብስ? አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ማን ይቆርጣል?"

የሁሉም ዓይን መቀሱ ላይ አረፈ። ልኬ ከገንቦው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ እዚያው ቆማ ጨለጠችው። የጠበባትን ጫማ አውልቃ በነጠላ ጫማ ቆመች፤ ያበጠ እግሯን ሁሉም አየው።

"ካውያ፣ ተነሽ እንሂድ።"

"እኔ የት?"

"ደምሽን ሊያዩት። በመንገድ ላይ ትሰድቢኛለሽ።"

ካውያ ሽርጧን ፈታች፤ መሳደቡን ገና ከበሩ ሳትደርስ ጀመረችው።

ልኬ መቀሱን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ልቧ እንደገና ዘለለ። ጠብቃ አሳለፈችው። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ሄደች።

"አስር ጊዜ ለካ" አለችው።

"አንዴ ቁረጥ" አለ፣ በልጅነቱ ይመልስላት እንደነበረው።

"ስመለስም እዚህ ጠረጴዛ ሥር ወንበር እንዳገኝ።"

መቀሱን በመያዣው በኩል አዙራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።