ደረት በካቻቢቴ ሲደመጥ

ሾፌሮች ሁሉ መካኒኩን «ባለ ጆሮው» ይሉታል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና በሽታውን እቅጩን ይናገራል። ሲጋራ ከከንፈሩ ተለይቶ አያውቅም ነበር።

ያስተወችው ልጁ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ አያትየው እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ ሲመጣ ገና በር ላይ አሸተተችው። «አባዬ፣ እስክትተውና ሽታው እስኪለቅህ ድረስ አታቅፋትም» አለችው። ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ ፍንክች አላለችም። የቀረውን ፓኮ ጭምድድ አድርጎ ጣለና ተወ።

መከራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ደረቱን ቀስፎ ይይዘዋል። ያን ሁሉ ዘመን ጭስ ሲጋት ምንም ያላለ ደረት ንጹህ አየር ሲያገኝ ያምፃል? ባለ ጆሮው ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም። አሮጌ ሞተር እጠብልኝ ለሚለው ደንበኛ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፦ «ተወው፣ አያይዞ ያቆመው ቆሻሻው ነው፤ ካጠብከው ያፈሳል።» የእሱም ሳንባ ታጥቦ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። በቃ፣ አለቀለት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነይ አዳምጪኝ!» ብሎ አልጋው ላይ ተንጋለለ። ሚስቱ ካቻቢቴውን ደረቱ ላይ አቁማ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ምን ይላል?»

«ራበኝ ይላል።»

«ቀልዱን ተይ! እያፈሰስኩ ነው። አንዷን ብቻ ባጨስ ቀዳዳውን ትደፍንልኝ ነበር።»

«አጭስ! የልጅ ልጅህንም በመስኮት እያት» አለችና ካቻቢቴውን ሆዱ ላይ ጥላለት ወጣች።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። መሞቱስ ይሁን፤ ልጅቷን ሳያቅፍ መሞቱ ነው እንጂ። ሲነጋ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አዳመጠችው፣ ራጅ አስነሳችው፣ ልቡንም አስመረመረች። በመጨረሻ የጎድን አጥንቱ አጠገብ በጣቷ ጫን ስታደርግ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ከአልጋው ሊዘል ደረሰ።

«አባባ፣ ልብዎም ሳንባዎም ደህና ነው። የተጎዳው ጡንቻዎ ነው። ሲጋራ ሲተው ትንሽ ማሳል ያለ ነው፤ ግን እንዲህ አያደርግም። ከባድ ነገር ያነሳሉ?»

«ኧረ ፈርቼ ብሎን መፍቻ እንኳ በሁለት እጄ ነው የማነሳው! አንዳንዴ ብቻ... ደረቴን እሞክረዋለሁ።»

«እንዴት ነው የሚሞክሩት?»

ባለ ጆሮው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ትከሻውን ሰቅሎ አየሩን ሳበ፣ ሳበ፣ ዓይኑ እስኪፈጥ ያዘው፤ ከዚያ በኃይል ለቀቀው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ይኼን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያደርጉት?» አለች ሐኪሟ ወረቀቶቿን እየለቀመች።

«ትዝ ባለኝ ቁጥር ነዋ! ሞተር ነዳጅ ሳይሰጡት በሽታው በምን ይታወቃል?»

«ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት የሚውሉት ሞተርስ ምን ይሆናል?»

መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አፍሮ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። «በሚኒሞ ልተወው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ሚኒሞ ምንድን ነው?»

«ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ዝግ ብሎ በራሱ ሲዞር።»

«እንደሱ ይተንፍሱ» አለችና ሳቋ አመለጣት።

በቀጥታ ልጁ ቤት ሄደ። አንገቱን አሸተተች፣ ጣቶቹን አሸተተች፣ ኮሌታውን ገልጣ አሸተተች። ምንም የሲጋራ ሽታ ስታጣ ሕፃኗን አምጥታ ደረቱ ላይ አስተኛችለት። ሕፃኗ ጉንጯን አዙራ፣ ጆሮዋን እዚያው የሚያመው ቦታ ላይ ለጠፈች። ባለ ጆሮው መነቃነቅ ፈራ።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ? እንባህ እኮ እየወረደ ነው።»

«ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ፤ «በሚኒሞ ነኝ።»

ሕፃኗ እንደተለጠፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ባለ ጆሮው በዕድሜው ሙሉ ስንቱን ሞተር ሲያዳምጥ ኖሯል፤ በተበላሸ ሞተር ላይ ጆሮውን አድርጎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን አይቶ አያውቅም።