ሴሊካዋ ዝም ስትል

የሙኽታር ሴሊካ መኪና ከኢምፔሪያል ስትነሳ ገርጂ ድረስ ትሰማለች። ሚስቱ ሸምሲያ የመኪናዋ ድምፅ ሲመጣ ወጡን ታሞቃለች፤ እሱ በሩ ላይ ደርሶ ክላክስ ሳይነካ ምሳው ቀርቦ ይጠብቀዋል። ጎረቤት ይራገማል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ስንት ልፋት ያስተኛው ሕፃን ይነቃል። ሙኽታር ግን ድምጿን የሚራገም ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ይመስለዋል። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የሰፈር ሽማግሌ ሆኖ የሚላክ ሰው ነው። የሴሊካዋን መሪ ሲይዝ ግን ገና ሃያ አምስት ዓመት አላለፈውም።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሸምሲያ፣ "ዘንድሮ ለአረፋ ኮምቦልቻ እንሂድ። መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ" አለችው።

"ኢንሻአላህ። ሙስአብ ቪትዙን ይሰጠናል።" ሙስአብ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

"ቪትዝ ምን ያደርግልኛል? በመጣሁባት መኪና ነው የምሄደው።"

"ሴሊካዋ ቆላ አትወድም፤ ታውቂያለሽ።"

"እኔስ ደጋ መች እወድ ነበር? ይለመዳል።"

ሙኽታር ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ ብርጭቆውን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሴሊካዋ ቆላ የማትወድበት ምክንያት ከካሳዬ ይጀምራል። ካሳዬ የሙኽታር የልብ ጓደኛ ነው፤ በደመወዙ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ በፍቅሩ መካኒክ። ሁለቱ ጎረምሶች ሳሉ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ያገኘው ያንሳት ብሎ የተዋትን፣ ከኋላ የተጨረማመተች ቀይ ሴሊካ ተጋርተው ገዙ። ያኔ ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ ያለው ሁሉ ማሳ ነበር። ዛሬ አንገት እስኪያም ቀና ብለህ የምታየው አፓርታማ የቆመበት ላይ በበሬ ይታረስ ነበር ብትለው የአሁን ልጅ ይስቅብሃል። እዚያ፣ በካሳዬ አባት ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር መኪናዋን በድንጋይ ላይ ሰቀሏትና ገላልጠው ይነካኩ ጀመር። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባላል፤ እነሱ ሁለቱንም ሊያደርጉ ነበር።

መጀመሪያ ማርሚታዋን፣ የጭሱን ድምፅ ማፈኛ፣ በብረት መጋዝ ቆርጠው አወጡና ቀጥ ያለ ቱቦ አስበየዱላት። ጭሱ መንገድ ሲያገኝ ሞተሩ ቀለለው፤ ያ ድምፅም ያን ቀን ተወለደ። ከቆመችበት ስትነሳ የነበራት ጉልበት ግን ቀነሰ፤ ዳገት መሐል ቆማ መነሳት ምጥ ሆነባት። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ነቅለው በቦታው የካሳዬን እናት የወይዘሮ የሺመቤትን የሻይ ወንፊት አሰሩበት። ሞተሩ እንደልቡ ተነፈሰ። የማሳውንም አቧራ አብሮ ተነፈሰ፤ አቧራው ዓመት ሳይሞላ የፒስተኑን ፋሻ፣ የብረት ቀለበቱን፣ በላው። ወይዘሮ የሺመቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወንፊታቸውን እስኪሞቱ ድረስ ሲጠይቁ ኖሩ።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው። ሐሳቡ የካሳዬ ነበር። "ስማኝ ሙኼ" አለው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ። "የሸገር አየር ስስ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኛት አየር ትንሽ ናት። ያቺኑ ትንሽ አየር አጥብቀን ከጨመቅናት ግን እሳት ትሆናለች።" ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለት ነው፣ ፈቱና ቶርኖ ቤት ወስደው ፊቱን አስላጡት። ክዳኑ ሲሳሳ ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ቦታ ጠበበ። መኪናዋም እሳት ሆነች። በዚያ ዘመን ከሃያ ሁለት ሰፈር እስከ ሳሊተ ምሕረት የሚቀድማት አልነበረም፤ እርግጥ ነው፣ የሚወዳደራትም እምብዛም አልነበረም።

ሁለቱም ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር። የተሠራችው ለሸገር አየር ነው፤ ታዲያ ከሸገር ስትወጣስ?

መልሱን ያገኙት በሙኽታር ሠርግ ነው። ሙኽታር የወሎ ልጅ ስለሆነ ሚስትም የታጨችለት ከኮምቦልቻ ነበር። አንደኛ ሚዜው ካሳዬ ሆነ። ሙኽታር ሙሽራዋን በሴሊካ ካላመጣሁ ብሎ ከአባቱ ጋር ጭምር ተጣልቶ ወረደ። ሲወርዱ በማለዳ ቀዝቃዛ አየር እንደምንም አለፉ። ሙሽራዋን ይዘው ሲመለሱ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ እኩለ ቀን ሆነባቸው። የቆላው አየር ወፍራም ነው፣ ግለቱ ሌላ፤ ያ የተላጠ ቴስታታ ከልኩ በላይ ይጨምቀው ጀመር። ሞተሩ ቆርቆሮ ላይ ሽምብራ እንደሚረግፍ ተንኳኳ፤ ከዚያ ራዲያተሩ ፈላ። ሸምሲያ፣ በእጇ ላይ ያለው ሂና ገና ያልደበዘዘ ሙሽራ፣ ማንጎ ከምትሸጥ ሴትዮ ጎን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ባሏና ሚዜው ውኃ ሲያመላልሱ አየች። አላማረረችም። ማንጎም ጋበዘቻቸው።

ፀሐይዋ ስትበርድ ተነሱ። ካሳዬ ከኋላ በሙኽታር አጎት መኪና ይከተላል። ጣርማበር ዳገት ላይ ሲደርሱ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ሳሳ፣ ሴሊካዋም ነፍስ ዘራች። የተራራው የመኪና ዋሻ ውስጥ ስትገባማ ያ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ደረት ያናውጥ ነበር። ሙኽታር ልቡ ሞላና ወደ ሙሽራዋ ዘንበል ብሎ፣ "ሸምሲያ! አዲስ አበባ ካልተስማማሽ አንድ ቀን ብቻ ንገሪኝ። ወላሂ ሱቄን ዘግቼ አገርሽ እመልስሻለሁ!" አላት።

ሸምሲያ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ያንን ቃል ሙኽታር ረስቶት አያውቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትነግረኛለች ብሎ ጠብቋል። የመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ላይ ብርዱ አንጀቷ ሲገባ፣ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሰሜን ስታይ ሲያገኛት፣ አሁን ልትናገር ነው ይላል። አልተናገረችም። ሦስት ልጅ ወለዱ፤ ቤት ሠሩ፤ እሷም ዝም። እሱም ዝምታዋን ለራሱ እንደሚመቸው ተረጎመው። "ሸምሲያ ሸገርን መርጣ ነው" ይላል ሱቁ ለሚመጣ ሁሉ። "በሩን ከፍቼላት አልወጣችም!" ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል። በሕይወቱ ከሚኮራባቸው ነገሮች አንደኛው እሱ ነበር፤ ሁለተኛው የሴሊካዋ ድምፅ።

በዚያ ቁርስ ማግስት ካሳዬን ሃያ ሁለት፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማይጠፋበት ካፌ አገኘውና ነገረው።

"ይቻላል" አለ ካሳዬ ማኪያቶውን እያማሰለ። "ወፍራም ጉርኒሲዮን ከመዳብ እናስቆርጥና ከቴስታታው ሥር እናስገባለን። የላጥነውን ያህል ከፍ ይላል። ማጣሪያው ቦታው ይመለሳል፣ ማርሚታውም። የድሮዎቹ ሁሉ እኔ ጋ አሉ።"

"ዕቃውን አልጣልከውም?"

"ምን ጥዬ አውቃለሁ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከእናቴ ወንፊት በቀር ሁሉም አለ።"

ሙኽታር ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። "ማርሚታው ግን ይቅር ካስዬ። ቱቦው ባለበት ይሁን።"

"አይሆንማ። ማጣሪያው፣ ካርቡራተሩ፣ ማርሚታው፣ ሁሉም እርስ በርሱ የተለካ ነው። አንዱን ትተህ ሌላውን ከመለስክ ቆላ ላይ ያው ትንኳኳለች፣ ያው ትፈላለች። ወይ ድምጿን ያዝ፣ ወይ ሙሽራዬን ኮምቦልቻ አድርስ።" ካሳዬ ሸምሲያን እስከ ዛሬ ሙሽራዬ ነው የሚላት። "ለእኔም እኮ ቀላል እንዳይመስልህ። ድምጿ የእኔም ሥራ ነው።"

ሙኽታር ለአንድ ሳምንት አልወሰነም። ምክንያት ፈለገ። አውቶቡስ ይሻላል አለ፤ አውሮፕላን ይሻላል አለ፤ ሸምሲያ "እንደፈቀድክ" አለች። እሑድ ጠዋት ብቻውን ሴሊካዋን አውጥቶ ወደ ድሮው ማሳ፣ ወደ ሲኤምሲ ነዳት። መስኮቱን ከፈተና ድምጿን ሰማ። ማሳውን፣ ባሕር ዛፉን፣ ወይዘሮ የሺመቤት "ወንፊቴስ?" እያሉ ከቤት ብቅ ሲሉ ሰማ። የጎረምሳነት ዘመኑ ሁሉ በዚያች ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ቱቦዋ ከተፈታች የት ይሄዳል? ዕድሜ ያለው ሰው ነኝና አላለቅስም ብሎ አለቀሰ።

ቤት ሲመለስ ሸምሲያ አሮጌውን ሻንጣ ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ አቧራውን እየጠረገች አገኛት። አንዲት ሻንጣ፣ በሙሽርነቷ ይዛት የመጣች። ቆሞ ተመለከታት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለራሷ ብላ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነበር? አሰበ፣ አሰበ፣ አጣ።

"ለካሳዬ ደውዪለት" አላት። "ቅዳሜ እንመጣለን በዪው።"

ሁለት ቅዳሜ ፈጀባቸው። የካሳዬ አባት ግቢ ዛሬ በፎቅ ተከቧል፣ ባሕር ዛፉም የለም፤ ካሳዬ ግን መኪናዋን እዚያው፣ ጥላው ይወርድ በነበረበት ቦታ አቆማት። የአንዱ ጉልበት አይታጠፍም፣ የሌላው ዓይን ያለመነጽር አያይም፤ አንዱ ከሥሯ ይተኛል፣ አንዱ ያበራለታል። "ካቻቢቴውን አቀብለኝ" "መነጽሬን መጀመሪያ" እየተባባሉ ሲነታረኩ ዋሉ። የመዳቡን ጉርኒሲዮን ከቴስታታው ሥር ሲያጋድሙት ካሳዬ በጣቱ ዳሰሰውና፣ "ያኔ 'ቆላስ?' ብሎ የሚጠይቀን አጥተን ነው እንጂ ይህቺን ያህል ነበር ጥፋታችን" አለ። የድሮውን ማርሚታ በየዱት፤ ዝገቱን ሲቀቡት አዲስ መሰለ።

በመጨረሻ ሙኽታር ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሳ። መነሳቱን ያወቀው ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ሲንቀሳቀስ ነው። እንደ ማንኛውም መኪና፣ እንደ ሙስአብ ቪትዝ፣ ዝም ብላ ትንቀጠቀጣለች። ካሳዬ ኮፈኑን ዘጋና ፊቱን አዞረ። ሁለቱም እጃቸውን በአንድ ሳሙና ታጠቡና ተለያዩ።

ያን ዕለት ሙኽታር ገርጂ ሲደርስ ምሳው አልቀረበም። ሸምሲያ አልሰማችውም ነበር። ነጠላዋን አንስታ ወጣችና አጠገቡ ገባች። "እስኪ ሞክራት፤ ኮምቦልቻ ታደርሰኝ እንደሆነ ልያት።"

ወደ ሳሊተ ምሕረት ነዳት። ሙኽታር ቅር ብሎት መሪውን ብቻ ያያል፤ ዳገቷን እንኳ እንደ ድሮው አትበላም። ሸምሲያ ግን ቀና ብላ ተቀምጣ መኪናዋን አዲስ እንደምታያት ሁሉ ታስተውላለች።

"እንዲህም ሰው ታስወራለች እንዴ ይህቺ መኪና?" አለች። ትንሽ ቆየችና፣ "እኔ ምልህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ዋሻው ውስጥ፣ ጣርማበር ላይ፣ ምን ነበር ያልከኝ?"

የሙኽታር እግር ከቤንዚኑ ላይ ተነሳ። "እንዴት ምን ነበር?"

"አፍህ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ይህቺ መኪና ታሰማለች? ዓይንህ እንባ አቅርሮ ስለነበር ደግ ነገር ይሆናል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሙሽራ ነኝ፣ ድገምልኝ ማለት አፈርኩ። ኋላም ሳልጠይቅህ ዕድሜው ሄደ።"

ከኋላ ሚኒባስ ክላክሱን ነፋ። ሙኽታር ዳር ያዘና አቆመ። ያ ሁሉ ክረምት፣ ደጃፍ ላይ ወደ ሰሜን የምታይባቸው ያ ሁሉ ምሽቶች፣ ሱቅ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ያወራው ያ ሁሉ ወሬ መጣበት። ለአንድ አፍታ የተፈታው ቱቦ ቢመለስ፣ ያ ድምፅ ጆሮዋን ቢደፍንለት ተመኘ። ሞተሩ ግን ዝም ብሏል፤ እሷም እየጠበቀች ነው።

ነገራት። ቃሉን አንድም ሳይቀንስ፣ ወላሂውን ጨምሮ።

ሸምሲያ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ድሮ ማሳ በነበረው ቦታ ወደቆመው ፎቅ አየች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"ቃሉ ዛሬም አለ?"

ሙኽታር ሱቁን አሰበ፣ ልጆቹን አሰበ፣ ካሳዬን አሰበ። "አለ" አላት።

"እንግዲያስ" አለች ሸምሲያ፣ "ሻንጣው ውስጥ ለስንት ቀን የሚሆን ልብስ እንደምከት አትጠይቀኝ።"

ሙኽታር ማርሽ አስገባ። ቤት እስኪደርሱ አልጠየቃትም።