ይህ አፍንጫ የማን ነው?

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ትርንጎ ደግአረገ የአዲስ አበባን ሙሽሮች ስታስውብ ኖራ፣ የራሷን አፍንጫ ግን መስተዋት ፊት በቆመች ቁጥር እንደ ደመኛ ታየው ነበር። የኮሪያ ድራማ ስታይ ከርማ ከርማ፣ አንድ ቀን «ቀጭን አፍንጫ ሳይኖረኝማ አልሞትም!» ብላ ሴኡል ገባች። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ማታ፣ ለሥራዋ ዕቃ ልትገዛ የሄደች የመሰላቸው አባቷ ደወሉ።

«እንዴት ነሽ፣ አፍንጫዬ? ዕቃሽን ገዛሽ?» ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠሯት እንዲህ ነው።

«ነገ እገዛለሁ፣ አባዬ» ብላ ዋሽታ ስልኩን ዘጋች። ስመለስ ምን ብለው ይጠሩኛል? እያለች ስትጨነቅ፣ ስትገላበጥ፣ እንቅልፍ ሳታስበው ወሰዳት።

እነሆም፣ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ የለበሱ አሮጊት እጇን ይዘው በዚያችው ከተማ አደባባይ አቆሟት። ከተማይቱ ግን ተለውጣለች! ከሕንፃ ሕንፃ ተንጠልጥለው የነበሩት፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት የፊት ሥዕሎች ሁሉ ወርደዋል፤ ከበሮ ይመታል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ ይስቃል። ደግሞስ ምን ዓይነት ፊት! ክቡ፣ ሞላላው፣ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ጉንጩ የሞላው፣ ዓይኑ በሣቀ ቁጥር የሚጠፋው፣ አንዱ ሌላውን የማይመስል፣ ፈጣሪ ሲሠራው የተደሰተበት የሚመስል መልክ ሁሉ በዚያ አደባባይ ፈሷል። ትርንጎ የቱን አይታ የቱን እንደምትተው ጠፋት።

«እማማ፣ ሰርግ ነው?»

«ምረቃ ነው፣ ልጄ። ቀድሞ ትምህርቷን ለጨረሰች ልጅ ስጦታችን የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ነበር። ቆርጠን ቆርጠን፣ በመጨረሻ ዘመድ ዘመዱን መለየት አቃተው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ትሰጣላችሁ?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

አንዲት ተመራቂ መካከል ላይ በርጩማ ተሰጥቷት ተቀመጠች። ዘመዶቿ እየተጋፉ ተነሡ። «ግንባሩ የእኔ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ወግድ! ግንባሩ የእኔ፣ ያንተስ አገጩ ነው!» አለች አክስቷ። ልጅቱ በተሻሙባት ቁጥር እየሣቀች ቀና ቀና አለች። ትርንጎም ደስታው ተጋባባትና እልል አለች።

ወዲያው ራሷን በርጩማው ላይ አገኘችው።

«ይህ አፍንጫ የማን ነው?» ሲሉ አሮጊቷ ጠየቁ።

ከበሮው ቆመ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም አልተነሣም።

«ባለቤት ያጣ ይቆረጣል» አሉ አሮጊቷ እያዘኑ።

ትርንጎ ደሟ ፈላ። «ኧረ ባለቤት አለው! የአባቴ ነው! የአቶ ደግአረገ ነው፣ እንዳትነኩት!» ብላ ስትጮህ፣ በገዛ ጩኸቷ ባነነች። ነግቷል።

እየሮጠች ክሊኒኩ ደረሰች፤ ልትቆረጥ ሳይሆን፣ ያየችውን ለሰው ሳትናገር መቀመጥ አቅቷት ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። የእናትየዋ የዓይን ቆቦች ከብዙ ዓመት በፊት በሐኪም እጅ የተሠሩ መሆናቸውን ትርንጎ በሙያዋ ወዲያው ለየች። ከድራማ በለቀመችው ኮሪያኛ፣ እጇን እያወራጨች፣ ሕልሟን ከነከበሮው ዘረገፈችላቸው። ከዚያም ወደ ልጅቱ ፊት አመለከተች።

«እነዚህ ዓይኖችስ የማን ናቸው?»

ልጅቱ ሣቅ ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። እናትየዋ ግን ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«የእኔ ነበሩ» አለች።