የኩማ ደጃፍ

«ይህ ድንጋይ መጀመሪያ ለአጥር አልተጠረበም፤» አለ ተረፈ፣ የግቢውን ግንብ በብሩሽ እየጠረገ። «ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ ነው።»

ዳሱ ውስጥ የጃራን ደግነት ሲያወሩ የነበሩት ለቀስተኞች ወደ እሱ ዞሩ። ጃራ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም። ተረፈ የነቀምትን የቆዩ ግንቦች ሊያጠና ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለቅሶ ላይ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ልመለስ ቢልም፣ የሟቹ ወንድም ነገራ «የአያቶቻችን ሥራ ነው፤ ይጻፍልን» ብሎ አስቀረው።

የሟቹ ሚስት ድርቤ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ጠዋት ነገራ ጎንበስ ብሎ፣ «ለቅሶው ሲያበቃ የምወርስሽ እኔ ነኝ። የወንድሜ ሚስት ከዚህ ግቢ አትወጣም» ብሏት ነበር።

እዚህ ግቢ የገባችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ኩማ ከጃራ ጋር በመሬት ድንበር ተከራክሮ ተረታና ታሰረ፤ ቤቱ ፈረሰ፤ እሷም ለእርቅ ተብላ ለጃራ ተዳረች። ኩማ እስር ቤት መሞቱ የተሰማ ቀን እየጮኸች ስትወጣ፣ ጃራ አፏን በመዳፉ ያዘ።

«በዚህ ግቢ ለእሱ አይለቀስም።»

አልተለቀሰም። ጃራ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ በወሊድ ልትሞት ስትል በበቅሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። የአባቷን ስም ግን እስኪሞት ድረስ አላስነሳትም።

ተረፈ ትልቁ ድንጋይ ላይ ወዳለው ክብ ጎድጓዳ ጣቱን አስገባ። «የበር ዘንግ የሚዞርበት ነው። ኦቦ ነገራ፣ የማን ደጃፍ ነበር?»

«የማንም አይደለም። ከወንዝ የመጣ ነው» አለ ነገራ ፈጠን ብሎ።

«የኩማ ደጃፍ ነው።»

ድርቤ መናገሯን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞርባት ነው።

«ተቀመጪ!» አለ ነገራ።

«የአባቴ ደጃፍ ነው። እዚያ ላይ አስቀምጦ እግሬን ያጥበኝ ነበር።»

ሄዳ ግንቡ ሥር ተንበረከከች። ድንጋዩን ፀሐይ መቶት ሞቋል። ነገራ ክንዷን ሊይዝ ሲደርስ፣ ጎረቤቷ እማማ የሺአረግ ከዳሱ ወጥተው መካከላቸው ገቡ። ነገራን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«የኩማን ነፍስ ይማር፣ ልጄ። አንቺንም እግዜር ያጽናሽ።»

ሌሎቹም ሴቶች ለኩማ እየጮኹ ተነስተው መጡ። ነገራ ጩኸቱ ውጭ እንዳይሰማ ሄዶ የግቢውን በር ዘጋ።

ድርቤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ዛሬ አባቷ እንደሞተባት ልጅ፣ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው።