ከበረዶው ሥር የሚጠራ ስልክ

እትዬ ማዕረግ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ፣ ለወንድሜ ሰግቼ የመጣሁ መሰላቸው።

«ምነው ኑስራ! ሁለት ጎረምሶች ተራራ ወጡ ተብሎ እንዲህ ይገረጣል? የኔው ዘአማኑኤል ከሀሪስ ጋር አይደል? ገና ሳትወልጂ እናት ሆንሽ እኮ!» ብለው እየሳቁ አስገቡኝ።

ወንድሜ ሀሪስ ከኦስትሪያ ደውሎልኝ ነበር። ማለዳ በጠነከረው በረዶ ላይ ወጡ፤ ሲመለሱ ግን የሚያዝያ ፀሐይ አላልቶት ስለነበር ተንዶ ዘአማኑኤልን ቀበረው። አስከሬኑ ሲወጣ ስልኩ እዚያው ቀረ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኛ በምንኖርባት በሆላንዷ ዴን ሃግ ያሉ የሀበሻ ሽማግሌዎች በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተስማምተዋል። እስከዚያ ወሬው ከሌላ ሰው ለእናቱ ለእትዬ ማዕረግ እንዳይደርሳቸው አብሬያቸው እንድውልና እንዳድር የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

«አያነሳም እንጂ ይጠራል» አሉ፣ ስልካቸውን ወደ ጆሮዬ እያስጠጉ። «ስሚው እስቲ። ክፉ ነገር ቢያገኘው ይጠራ ነበር?»

ሰማሁት። ማንም በሌለበት፣ በዚያ ነጭ ጨለማ ውስጥ ይጠራል።

«ይጠራል» አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው እንደገና ደወሉ። እስኪመሽ ደጋግመው ደወሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እኔም ስልኩን ከእትዬ ማዕረግ እጅ ወሰድኩ።