«አልይዝህም»

አቶ አምሃ ዳላስ አጠገብ ባለችው ግሬፕቫይን ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዶችን ያመላልሳሉ፤ ካሮልተን ባለው የአማርኛ ቸርች ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። የዳላስ ሕዝብ ጥቂት ማሪዋና የያዘን ሰው ፖሊስ እንዳያስር ድምፅ የሰጠ ጊዜ፣ በጉባኤው ፊት እያለቀሱ የጸለዩት እሳቸው ነበሩ። ከሕጉ ይበልጥ ያናደዳቸው ግን የገዛ ልጃቸው ዝምታ ነው። ሐዳሳ የዳላስ ፖሊስ ናት።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ለሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አባቷን ወደ ቤት እየወሰደቻቸው ነበር።

«እሺ፣ ካላሰራችሁ ምን ልትሠሩ ነው?» አሏት።

«ዳዲ፣ ማለቴ፣ ሥራው ማሰር ብቻ አይደለም እኮ።»

«ሌላ ምን አለው?»

ሐዳሳ ነዳጅ ልትቀዳ ዳላስ ውስጥ ካለ ማደያ ገባች። ገና ፓርክ ሳታደርግ በሩ የተበረገደ አሮጌ መኪና አዩ። ጋቢናው ላይ አንዲት ወጣት አንገቷ ዘሞ ተዝለፍልፋለች፤ አጠገቧ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ይንቆራጠጣል። የፖሊስ ልብስ ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ።

ሐዳሳ አላሳደደችውም። የማሪዋናው ሽታ እስከ አባቷ አፍንጫ ደርሷል። ባዶ እጆቿን ዘርግታ በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ «ለማሪዋናው ብዬ አልይዝህም! አልይዝህም! ተመለስና ምን እንደወሰደች ንገረኝ!»

ጎረምሳው ቆመ። መንገዱን አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ተመለሰ።

«ክኒን ነው» አለ እያለቀሰ። «ለራስ ምታት ብሎ ሰው የሰጣት። ልደውል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ፈራሁ።» ወንበሩ ሥር ያለውን የማሪዋና ከረጢት አሳያት። ሐዳሳ ዞር ብላም አላየችው። «አሁን ደውል፣ አምቡላንስ ጥራ!» አለችው።

ልጅቷን አስፋልቱ ላይ አጋደመቻት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አቶ አምሃ ብዙ አስከሬን ገንዘዋል፤ ሞታለች አሉ በልባቸው። ሐዳሳ ከቦርሳዋ፣ አደገኛ ክኒን ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት ያለበት ትንሽ ነጭ መርጫ አወጣችና የልጅቷ አፍንጫ ውስጥ ረጨች።

«ዳዲ፣ ጭንቅላቷን ያዝልኝ!»

ያዙላት። ሊጸልዩ ፈልገው «ጌታ ሆይ» ከማለት አላለፉም። ልጃቸው በወጣቷ አፍ እፍ ስትል የወጣቷ ደረት ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፤ እንደገና። ሁለተኛ መርጫ ጨመረች። ያን ጊዜ በመዳፋቸው መሐል ያለው አንገት ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ከባሕር እንደወጣ ሰው አየሩን በኃይል ሳበች። ከንፈሯ ቀላ። ዓይኗን ገልጣ ቀጥታ እሳቸውን አየቻቸው።

አቶ አምሃ ስለ ትንሣኤ ስንት ዘመን ሰብከዋል፤ እንዲህ በእጃቸው ላይ ሲሞቅ ግን ዳስሰውት አያውቁም። እዚያው አስፋልት ላይ ቁጭ አሉ።

አምቡላንሱ ልጅቷን ሲወስዳት ጎረምሳው አብሯት ገባ። ማንም ካቴና አላወጣበትም።

መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«አይደለም። ብዙዎቹ እንታሰራለን ብለው ይሮጣሉ። ሶ፣ እኛ ስንደርስ ሰውዬው ብቻውን ነው። ቀዝቅዞ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ስትጸልይ አለቀስክ እኮ፣ ዳዲ። ምን ልበልህ?»

ወደ ቤታቸው የሚያስገባውን መታጠፊያ ሳታየው አለፈችው። መኪናውን አቁሚ ብለው ተቀበሏትና፣ የሥራ ሰዓቷ ስለደረሰ እስከ ፖሊስ ጣቢያው እሳቸው ነዱ። ጋንጃን ዛሬም ይጠላሉ። ያን ቀን ግን፣ ልጃቸው በሩ ላይ ስትወርድ እሳቸውም ወረዱ፤ ለታላቅ እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው እጇን ጨበጡ።

ሐዳሳ ደነገጠች። «ዳዲ፣ ምን ሆነሃል?»

«ሥራው ሌላ ምን እንዳለው አየሁ» አሏት።