ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ውሸታም ነው። «ከአያቴ እንደተረከብኩት ነው፤ ብሎኑ እንኳ አልተነካም» ይለኛል። ሱቄ ውስጥ ፈትቼ ሳየው ግን የበር ማጠፊያ ብሎን አገኝበታለሁ። ይኸው ስንት ዓመት መሣሪያ ስጠግን ኖሬ፣ ይቺን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በጆንያ የተጠቀለለ የድሮ ወታደር ጠመንጃ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፉ፣ ያው ወሬ መጣ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ እንዳይተኩስ አድርጊልኝ፤ ቤት የልጅ ልጆች አሉ» ብቻ ብለው፣ ነገ ጠዋት ሊመለሱ ወጡ። የማይዋሽ ደንበኛ ሲገጥመኝ ግራ ይገባኛል። ወዲያው መፍታት ጀመርኩ።

ጉድ ነው! ሰደፉ ቅያሪ ነው፤ እንጨቱ ከፊተኛው እንጨት ጋር በቀለምም በክብደትም አይገናኝም። ማነጣጠሪያውን አንዱ ጀግና በሞረድ በልቶታል። ማንገቻው የታሰረበት ቀለበት ደግሞ ጭራሽ ከበቅሎ ልጓም የተፈታ ይመስላል። ቁጥሩን ፍለጋ ዝገቱን በናፍጣ ፈተግሁት። ከአፈሙዙ ወዲህ፣ ከብረቱ ሥር ብቅ አለ፦ ሠ 612። ቃታውን፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋውን ብረት፣ አውጥቼ እሱንም ፈተግሁ፦ ሰ 612።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ቁጥሩ አንድ፣ ፊደሉ ሁለት። አንዱ ንጉሡ ሠ፣ አንዱ እሳቱ ሰ። የድሮው ግምጃ ቤት አዲስ የጠመንጃ ጭነት ባስገባ ቁጥር አዲስ ፊደል ይመታበት እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሁለቱንም የመረጠው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው? ፊደል አልቆበት ነው?

«ሰ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት! ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ።

ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

አክስቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከሱቁ ጀርባ አብረን እንኖራለን። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላት። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «የሱ ነው» አለች።

«የሱ» ማለት የባሏ ማለት ነው፤ እኛ ቤት ስሙ አይጠራም። ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። አንድ ወሬኛ ግን ሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሴት ጋር አየሁት አላት። አመነችው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃት ሁሉ «ጥሎኝ ሄደ» ነው የምትለው። ፎቶውን ቀድዳለች፣ ዘሩን ማንዘሩን ረግማለች። ቁጥሩ ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። ወታደር የጠመንጃውን ቁጥር ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ መመለስ አለበትና፣ ለፈቃድ ሲመጣ እሷ እየጠየቀችው ነበር የሚያጠናው።

«የትኛው ሰ ነው የሱ?» አልኳት።

«እኔ ምኑን አውቄ! የነገረኝ በአፉ! በአፍ ሲነገር ሰ ያው ሰ ነው!»

እውነቷን ነው። እኔን ያንገበገበኝ ቃታው እንዴት እንደተቀላቀለ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ይዛለች፦ ሽማግሌው ከእሱ እጅ ገዝተውት ከሆነ፣ እሱ ከነሴትየዋ በሕይወት አለ ማለት ነው። እስኪነጋ ሁለታችንንም አላስቻለንም።

ሽማግሌው ጠዋት ገና ከመግባታቸው ሁለቱን ብረቶች ዓይናቸው ሥር ደቀንኩ። «አባባ፣ ይሄ ቃታ የማን ነው?»

ፈገግ አሉ። «አየሽው? ጎበዝ! ጠመንጃው የኔ ነው፣ ንጉሡ። ቃታው የጓደኛዬ ነው፣ እሳቱ። የግምጃ ቤቱ ሰው ቃታውን ሁሉ ሰብስቦ ዘይት ቀባና በቁጥር እየጠራ መለሰልን። ‹ሰ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት!› ሲል ሁለታችንም አቤት አልን፤ እጃችን የገባውን ይዘን ሄድን። በኋላ አይተን በሳቅ ሞትን። ከገጠመ፣ ከተኮሰ፣ ማን መልሶ ይቀይራል?»

«እንዴት ሊገጥም ቻለ? ሳይሞረድ?» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለችኝ አክስቴ። ወደ እሳቸው ዞረች። «ጓደኛዎ የት ነው?»

ፈገግታቸው ጠፋ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ለቅኝት ተጠራን። እዚያም በቁጥር ነው። ቁጥራችን ሲጠራ እሱ ብድግ ብሎ ሮጠ። ጠሪው ‹ንጉሡን ነው!› ብሎ ጨመረ። እሱ ወጥቷል፣ አልሰማም። እኔ ሰማሁ።»

«ሰማህና?» አለች አክስቴ። አንቱታው ቀረ።

«ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ እህቴ። ከሰዓት በኋላ በሸክም መለሱት፤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። መርዶው በተጠራው ቁጥር፣ በእኔ ቁጥር፣ እናቴ ቤት ሄደ። ስመለስ ለቅሶ ላይ ደረስኩ።»

«ለምን አልመጣህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«በምን ዓይኔ ልይሽ?»

አክስቴ ቃታውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ያዘችው።

«ሌላ ሴት ነበረችው?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ሴት?» ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ከተኛን በኋላ በቀጭን ድምፅ ‹ቁጥርህ ስንት ነው?› ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ በወፍራም ድምፅ ራሱ ይመልሳል። ሚስቴ እንዲህ ነው የምትጠይቀኝ ይለናል። እንስቅበት ነበር።»

«አፈር የለበሰ ሰው ስረግም ኖርኩ!» ብላ አክስቴ ጮኸች። እንዲያ ስትጮኽ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልይዛት ብሞክር ገፍትራኝ ወደ በሩ ሄደች።

ጩኸቷን የሰማው ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ ደረሰ። «ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ባሌ ሞተብኝ» አለችው።